ጅራታቸው የተሰበረ ዓሦች

ሰኞ፣ ለቀጠሮው 84 ቀን

ሐኪሙ የባሌን ደረት አዳምጦ "ሲጋራውን ትተህ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ፤ ካልተውክ ግን መመለስህም አይጠቅምህም" አለው። ይህን የነገረኝ ማታ ጫማውን እያወለቀ ነው። ሐኪሙ ዘንድ የሄደው ጠዋት ነው። በመሃል አንድ ሙሉ ቀን አለ። ለማን እንደነገረ ሳልጠይቀው ራሱ አመለጠው።

"ፉጨቷም እንደ ሐኪሙ ነው ያለችኝ። ተወው ብላኛለች።"

ፉጨቷ የአውቶቡስ ዴፖው የስምሪት ሠራተኛ ናት። ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ስታፏጭ አውቶቡሱ ከነሹፌሩ ይነቃል፤ ስሙ የወጣላት በዚያ ነው። ባሌ እዚያው መካኒክ ነው። ከግንቡ ጀርባ ቆመው አብረው ሲያጨሱ ዘጠኝ ዓመታቸው። እኔ የምሠራበት የከረሜላ ፋብሪካ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ፉጨቷ ስኳር ማፍያው ክፍል ድረስ ይሰማል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምታፏጭ ቆጥሬ አላውቅም። አርባ ያህል ነው።

ይህን ደብተር የገዛሁት ሲጋራ መተዉን ለመመዝገብ ነው፤ ለሌላ አይደለም።

ረቡዕ፣ 82

ከሥራ ስወጣ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ሲጋራ ለሚተዉ ሰዎች የሚሸጠው የሚመጠጥ ከረሜላ አልቋል፤ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ሽማግሌው ፋርማሲስት ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሥራዬን ጠየቀኝ።

"ስኳር አፈላለሁ፣ ዶክተር።"

"እንግዲያውስ ባለሙያዋ በእግሯ መጥታለች" ብሎ ሳቀ። ኒኮቲኑን ራሱ ለክቶ በየሳምንቱ በትንሽ ጠርሙስ ሊሰጠኝ ተስማማን። "ስኳሩ ያንቺ፣ ጠብታው የኔ። አንዱ ጠርሙስ የተለካው ለአርባ ሁለት ከረሜላ ነው፤ በቀን ስድስት። አርባም አይሆንም፣ ሃምሳም አይሆንም። አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ እንዳይበላ። ልጄ፣ ይህ መርዝ ነው፤ ያለ ጓንት እንዳትነኪው። በየሁለት ሳምንቱ እየቀነስኩልሽ እሄዳለሁ።"

ሦስቴ አስደገመኝ። እንደ ተማሪ ደገምኩለት።

ቅዳሜ፣ 79

የመጀመሪያው ድስት ወጣ! ፋብሪካው የጣለው የዓሣ ቅርጽ ማውጫ ነበረኝ። ሃያ አንድ ዓሣ ይይዛል፤ የተጣለው ጅራቱ ቀጭን ሆኖ ከሦስቱ ያንዱ ስለሚሰበር ነው። ሁለቴ ገልብጬ አርባ ሁለት አወጣሁ። ዝንጅብልና ናና ጨመርኩበት። አሥራ አራቱ ጅራታቸው ተሰበረ።

ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ በወረቀት ጠቀለለ። "ሁለቱን ጫፍ ወዲህና ወዲያ ጠምዝዝ" አልኩት።

"እንደ ብሎን?"

"እንደ ብሎን።"

አጥብቆ አጥብቆ ወረቀቱን በጠሰው። ሁለተኛውንም በጠሰው። ሦስተኛው ተሳካለት፤ ግን እኔ ራሴ ልፈታው ብል በጥርስ ካልሆነ አልፈታም አለኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን ወጥ ቤት ከኔ ጋር የተቀመጠበትን ቀን አላስታውስም። ጭስ ስለማልወድ ደጅ ነበር የሚቀመጠው። ዛሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ነበር።

ማክሰኞ፣ 76

ምሳውን ረስቶ ሄደ። ረስቶ እንኳን አይደለም፤ ከበሩ ኋላ አስቀምጬው ስለነበር አላየውም። ወሰድኩለት።

ከግንቡ ጀርባ ቆመዋል። እሷ ታጨሳለች፣ እሱ የኔን ዓሣ ይመጣል። አንድ ነገር አለችው፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ስንጋባ ይዞት የመጣው ሳቅ ነው፤ የት እንደገባ ሳስብ ኖሬያለሁ፤ ለካ እዚያ ነው ያለው። ምሳውን ለጥበቃው ሰጥቼ ተመለስኩ።

እኔ ቀናተኛ አይደለሁም።

ዓርብ፣ 73

ስድስተኛ ቀኑ። አንድም አላጨሰም። በሩን ግን ይደበድባል፣ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ይጮኻል፣ ከዚያ ይቅርታ ይላል። ሁሉንም ችያለሁ።

በፋብሪካ የመጠቅለያ ክፍል ጓደኛዬ፣ በሥራዋ ከረሜላ በአፏ ሰው የምትጠቀልለዋ፣ "ሲጋራ የተወ ወንድ እጁ ሥራ ይፈታል" አለችኝ። "ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ..." ብላ ተወችው። ጨርሺው ብላት "እኔ ምን አገባኝ" አለች። ነገር ጀምሮ መተው ምን የሚሉት በሽታ ነው?

ሐሙስ፣ 67

ከረሜላው አልቋል! ከእሑድ እስከ ዛሬ አምስት ቀን ነው፤ በቀን ስድስት ቢበላ ሠላሳ። አሥራ ሁለቱስ?

"ጨምረህ በልተሃል?"

"እንዲያውም አራት አራት ነው የበላሁት" አለና ምላሱን ነከሰ። አራት ከሆነ የጠፋው አሥራ ሁለት ሳይሆን ሃያ ሁለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነኝ። እስከ ቅዳሜ ጠብቅ አልኩት። ክብሪት እንጨት እያኘከ አመሸ።

ቅዳሜ፣ 65

ስንጠቀልል እንዲህ አለኝ፦ "ጅራታቸው የተሰበረውን ለኔ አድርጊልኝ። ደኅና ደኅናዎቹን በመሐረብ ቋጥሪልኝ።"

"ለምን?"

"ኪስ ውስጥ እንዳይሰበሩ።"

የተሰበረው ኪስ ውስጥ፣ ደኅናው መሐረብ ውስጥ። ቋጠርኩለት። ነጩን መሐረብ ነው የሰጠሁት፤ የተተኮሰውን።

ሰኞ፣ 63

ጠዋት በአውቶቡስ ስሄድ ፉጨቷ ለሹፌሩ ወረቀት ልትሰጥ ተሳፈረች። በአጠገቤ ስታልፍ ዝንጅብል ሸተተችኝ። ጉንጯ በአንድ በኩል እብጥ ብሏል። ዓሣ! የኔ ዓሣ! ያውም ደኅናው!

ስትወርድ መጠቅለያው ከእጇ ወደቀ። ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አነሳሁት። እኔ የጠመዘዝኩት አይደለም። እንደ ብሎን ጠብቋል። እዚህ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እጇ ላይ ሲጋራ አልነበረም። ቀድሞ ሲጋራ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም። ለሱ ስትል ነዋ፤ ሽታዋን እንዳይጠላ።

ማክሰኞ፣ 62

እንቅልፍ የለኝም። ስኳር አሳረርኩ። አለቃው ምን ነካሽ አለኝ። ሆድ ይፍጀው።

ቅዳሜ፣ 58

ዛሬ በሁለት ድስት ሠራሁ። እሱ ገበያ ሄዶልኝ ነበር።

የጠርሙሱን ጠብታ አንድ ሳይቀር በመጀመሪያው ድስት ጨመርኩት። ሃያ አንድ ወጣ፤ ሳይሰበር የቀረውን ጅራት ሁሉ በጣቴ ሰበርኩት። ይህ የሱ ነው። ጠብታው የተለካው ለሱ ነው፤ ለምን በሌላ ሰው ምላስ ይባክናል? ሁለተኛው ድስት ስኳርና ዝንጅብል ብቻ ነው። ሃያ አንድ ደኅና እስካገኝ ደጋግሜ ገለበጥኩ፣ ከሷ ድስት የተሰበረውን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። መልኩም ሽታውም አንድ ነው፤ ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይለየውም።

ስኳር ትምጠጥ። ማን ከለከላት? ስኳር ሰጥቶ ክፉ የተባለ ሰው የለም።

ከብዙ ቀን በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ይህን እሑድ ጠዋት ነው የጨመርኩት።

ማክሰኞ፣ 55

ከትናንት ጀምሮ ስቅታ ይዞታል። ራሴን ያመኛል፣ ሆዴ ይገለባበጣል ይላል። ስቅ ሲልህ ሰው አንስቶህ ነው ይባላል። ማን እንዳነሳው አውቃለሁ።

ራት ላይ "ሥራ ቦታ አንድ ሰው ሊያጨስ ጫፍ ደርሷል" አለኝ፣ ሳህኑን እያየ። "ካጨሰ እኔም እፈራለሁ።"

"ማነው?"

"ሰው ነው አልኩሽ።"

ሰውየው ሴት መሆኗን የማላውቅ ይመስለዋል። ፉጨቱ ዛሬ ቁጡ ነው፤ አጭር አጭር ነው። ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ስለሌላ ነገር ነው፤ ዝናቡ ስላባራ።

ረቡዕ፣ 54

ከረፋዱ ጀምሮ ፉጨት የለም። አውቶቡሶቹ በጡሩምባ ይጠራራሉ። ለምን ቀረች? እሱስ የት ነው? ስኳሩ እየፈላ መስኮት ላይ ቆሜ ቀረሁ።

(ማታ)

የፋብሪካው ጥበቃ "ባልሽ መድኃኒት ቤት ነው፣ ድረሽ" ብሎ ጠራኝ። በቆብና በሽርጥ ሮጥኩ።

አግዳሚው ላይ ነበር። ፊቱ ዱቄት መስሏል፣ ላብ ቱታውን አርሶታል፣ ባልዲ ውስጥ ያስመልሳል። ግንባሩን የያዘችው እሷ ናት። እዚያ ላይ ሆኜም፣ እግዜር ይይልኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። ፊቱን ያየሁት ቀጥዬ ነው።

ሲጋራ ሲጋራ ትሸታለች።

ሽማግሌው የልብ ምቱን ይዞ ሰዓቱን እያየ "ከረሜላውን እንዴት ነው የቀመምሽው?" አለኝ።

"እንደነገሩኝ።"

"አንድ ጠርሙስ ለአርባ ሁለት?"

"ለአርባ ሁለት።"

ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲያው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አበዛሁት ማለት ነው። ዐይኔ ደክሟል፤ ልጆቼ ተው ሲሉኝ አልሰማ ብዬ..." እኔም ዝም አልኩ። ዝም አልኩ!

ያኔ እሷ ወደኔ ዞረች። "እትዬ፣ ከሁሉም ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ከምናምን ሆኖኝ ነበር ሲጋራ ከተውኩ። አብረን እንተው ብለን እጅ ለእጅ ተማትተን ነበር። ለሰው አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ብወድቅ መሳቂያ እንዳልሆን። ከእሑድ ወዲህ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ብመጠው ብመጠው አላረካኝም። ዛሬ አቃተኝና ለኮስኩ። እሱ ከእጄ ላለመቀበል ከኪሱ ከረሜላውን ባንዱ ላይ አንዱን ይጎርሳል። አራት ድረስ ቆጥሬያለሁ።"

ቆቤን አወለቅኩ።

"ደግሞ ሳላመሰግንሽ" አለች። "ከራሱ እየቀነሰ ሲሰጠኝ አፈርኩ። አንቺ ግን ማን እንደሆንኩ እንኳን ሳታውቂ ደኅና ደኅናዎቹን ለሰውየው፣ የተሰበረው ላንተ ይበቃሃል እንዳልሽው ነግሮኛል። እንዲህ ዓይነት ሚስት አለችው ለካ ብያለሁ።"

እንዲህ አላልኩም። እሱ ነው ያለልኝ።

የልብ ምቱ እስኪረጋ ሽማግሌው እዚያው አቆየን፤ ሲመሽ ደግፈን ወደ ቤት አመጣነው። አንዱን ክንድ እኔ፣ ሌላውን እሷ።

ሐሙስ፣ 53

ተኝቷል። ደህና ነው። ቀለም ወደ ፊቱ ተመልሷል። ውኃ ስሰጠው "ሽማግሌውን አትቆጪው" አለኝ። "ሰው ይሳሳታል።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ይህን ተረት ሌሎች ሴቶች ላይ ስንት ጊዜ ተርቼበታለሁ።

ዓርብ፣ 52

ከሥራ በፊት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ "ቅመማ አቁመናል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሽማግሌው የራሱን ሚዛን በሌላ ሚዛን ይመዝናል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ሁለቱን ድስት፣ ጅራቱን፣ ውሸቴን።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ሠላሳ ዓመት ሰው ያመነው እጅ ነው ይሄ" አለኝ። "ሁለት ሌሊት ተጠራጥሬው አደርኩ። ባልሽን ንገሪው። ሳትነግሪው ጠርሙስ የለም።" ከዚያ ሄዶ ወረቀቱን ከበሩ ላይ አነሳ። አላመሰገንኩትም፣ ምን ብዬ?

ቅዳሜ፣ 51

ነገርኩት።

ወጥ ቤት ነበርን፤ የሚጠቀለል ነገር የለም፤ ሁለታችንም ከልማድ ተቀምጠናል። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

"እሷ ምን አደረገችሽ?" አለኝ መጨረሻ ላይ።

"ሳቅህን ወሰደችብኝ።"

ይህ ከአፌ ሲወጣ እኔም ነኝ የደነገጥኩት። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እዚህ ደብተር ላይ ይህን ሁሉ ጊዜ ሌላ ስም ስፈልግለት ኖሬያለሁ።

"ጭስህን ይዘህ ውጣ አልሽኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ወጣሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ውጪ ነው የኖርኩት። ሰው ውጪ ሲኖር ውጪ ካለው ጋር ይስቃል። በኔና በሷ መካከል ከሳቅ በቀር ምንም የለም። ስኳር ግን ... ሰው ለመዳን ሲታገል ስኳር ትሰጪዋለሽ?"

ተነስቶ ወጣና ደጅ የድሮ ቦታው ተቀመጠ። መብራት አጥፍቼ በመስኮት ጠበቅሁ። አንዲት የክብሪት ብልጭታ ባይ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አላጨሰም። ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር፤ እኔም እሱ እስኪገባ ቆሜ ነበርኩ።

ማክሰኞ፣ 48

አያናግረኝም። ከረሜላም የለውም፤ ጥርሱን ነክሶ ውሎ ጥርሱን ነክሶ ይገባል። "ጨው አቀብይኝ" ብሎኛል ዛሬ። ጨው ያለው እሱ ፊት ነበር። ግን ጠየቀኝ።

ረቡዕ፣ 47

በራሴ እግር ግንቡ ጀርባ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች፣ ታጨሳለች። ነገርኳት።

ሲጋራውን ረስታ ጣቷን እስኪያቃጥላት አየችኝ። "ሁለት ሳምንት ከሰይጣን ጋር ታግዬ፣ የወደቅኩት በስኳር ነው?"

"በስኳር ነው።"

"እኔ ደግሞ ደካማ ነኝ ብዬ ስንት አለቀስኩ መሰለሽ!" ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሲጋራውን ግንቡ ላይ ደፈጠጠችው። "ቅዳሜ እመጣለሁ። እያየሁሽ ታፈያለሽ። ጠብታዋ ስትወድቅ በዐይኔ ማየት አለብኝ።"

ቅዳሜ፣ 44

መጣች። ሽማግሌው ለሷም ለብቻ፣ ለሱም ለብቻ ለክቶ፣ ጠርሙሶቹ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሰጠኝ። አጠገቤ ቆማ እንደ ስምሪት ወረቀት አንድ በአንድ ተከታተለችኝ። አጠቀላለሏ ጉድ ነው፤ ዓሣው በሁለቱም ጫፍ ሾልኮ ይወጣል። ባሌ ከደጅ ሆኖ ሲሰማ ሲሰማ ቆይቶ ገባና በርጩማውን ሳበ። "እንደ ብሎን ነው" አላት።

ስለ አንድ ሹፌር አወራች፤ ያቆመው አውቶቡስ ጠፋብኝ ብሎ ሲፈልግ ሲፈልግ ራሱ ውስጡ ተቀምጦ እንደነበር። ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ያ ሳቅ። ለካ እንዲህ ባለ ነገር ነው። ያን ያህል እንኳን የሚያስቅ አይደለም። ሳቅሁ ግን።

በወጣች ጊዜ በር ድረስ ሸኛት። ስንት ደቂቃ እንደቆዩ አላየሁም። ሦስት ነው።

ሐሙስ፣ 25

ፉጨቱ ተመለሰ። ሳንባዋ ጠርቷል መሰለኝ፣ ከድሮው ይበልጥ ይጮኻል፤ ስኳር ማፍያው ክፍል መስኮቱ ይነዝራል። ጓደኛዬ "ምን ሆና ነው ይቺ ሴትዮ?" አለችኝ። "የኔ ከረሜላ ነው" አልኳት። እንዴት እንደኮራሁ።

ቅዳሜ፣ 2

ሽማግሌው ባዶ እጁን ዘረጋልኝ። "ዛሬ ጠርሙስ የለም። የሚወርድ ጠብታ አልቋል። ከንግዲህ ከረሜላ ብቻ ነው።" ለሁለቱም ነግሬያቸው፣ እያዩኝ፣ ስኳርና ዝንጅብል ብቻ አፈላሁ። አንድ ድስት።

ሰኞ፣ የቀጠሮው ቀን

ሐኪሙ ሲያዳምጠው አጠገቡ ነበርኩ፤ ከማንም ቀድሜ ሰማሁ። "ደረትህ ገና ይቀረዋል፤ የጠፋው ሁሉ አይመለስም። ግን የሚተርፈውን አትርፈሃል" አለው። ባሌ ሸሚዙን ሲቆልፍ ቁልፉን አሳስቶ ቆለፈ። እኔ አስተካከልኩለት።

ስንመለስ ግንቡ ጋ እየጠበቀች ነበር። ከሩቅ ፊታችንን አይታ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አፏጨች፤ ሁለት አውቶቡስ ሞተር አስነሳ። ባሌ ነጩን መሐረብ አወጣና ፈታው። ውስጡ ሦስት ዓሣ ነበር። ጅራቱ የተሰበረውን ራሱ ጎረሰ። ከሁለቱ ደኅናዎች አንዱን እንደ ብሎን ከጠበቀው ወረቀት በጥርሱ ፈትቶ አፌ ውስጥ አደረገልኝ። ሌላውን ለሷ ሰጣት።

አሥራ አንድ ሳምንት ሠርቼው አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም። ዝንጅብሉ በጣም በዝቷል። ይህን ሁሉ ጊዜ አንዳቸውም አልነገሩኝም።

መጀመሪያ የሰጠው ግን ለኔ ነው። የጻፍኩት ለማስታወስ ያህል ነው፤ ለሌላ አይደለም።